ከመተማ ድልድይ እስከ ጄኔቫ፦ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ምን ይችላሉ፣ ምንስ አይችሉም?

ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ መተማ ዮሐንስ ላይ በአንዲት አጭር ድልድይ ያበቃል። ማዶው ገላባት ነው። በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያ ድልድይ ላይ ከአንድ ጥይት የሸሹ፣ አንድ ዓይነት አቧራ የለበሱ ሰዎች ተሻገሩ። ከተሻገሩ በኋላ ግን አንድ አልሆኑም። ሱዳናዊው «ስደተኛ» ተብሎ በመንግሥት የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎትና በተመድ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኩል ተመዘገበ። ካርቱም ውስጥ ሻይ እየሸጠች የኖረችው ኢትዮጵያዊት «ተመላሽ» ስለሆነች ጉዳይዋ ወደ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ሄደ። ለሥራ ሱዳን የነበረው የሌላ አገር ሰው ደግሞ «የሦስተኛ አገር ዜጋ» ተብሎ ወደ አገሩ የሚሳፈርበትን ቀን ይጠብቃል። ሦስት ስም፣ ሦስት ሰልፍ፣ ሦስት በጀት።

ይህን የሰልፍ አከፋፈል ማን ወሰነው? የዓለም አቀፍ ግንኙነት ንድፈ ሐሳቦች የሚጠቅሙት እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ለመመለስ ነው። ችግሩ በትምህርት ቤት የሚቀርቡበት መንገድ ነው። ሪያሊዝም፣ ሊበራሊዝም፣ ኮንስትራክቲቪዝም በሰንጠረዥ ይደረደሩና ተማሪው «የትኛው ትክክል ነው?» ተብሎ ይፈተናል። በእኛ ግምት ጥያቄው ራሱ የተበላሸ ነው። ድርጅቱ ምን እንዲሠራ ተጠየቀ የሚለው መቅደም አለበት። ጉልበተኛን እንዲያቆም የተጠየቀ ድርጅት፣ የጋራ ችግር እንዲያቃልል የተጠየቀ ድርጅትና ለነገሮች ስም እንዲያወጣ የተጠየቀ ድርጅት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ጎንደርና ዙሪያዋ ሦስቱንም አይተዋል።

ጉልበተኛን ማቆም

የሪያሊስቶቹ መልስ አጭር ነው። ከአገሮች በላይ ዳኛም ፖሊስም የለም፤ ስለዚህ ድርጅት የሚሠራው ኃያላኑ እስከፈቀዱለት ድረስ ብቻ ነው። ፒያሳ ላይ የጣልያን ዘመን ሕንጻዎችን እያየ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም።

ኢትዮጵያ በ1923 መቀመጫው ጄኔቫ የነበረው፣ የተመድ ቀዳሚ የሆነው የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆነች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን 16ኛ አንቀጽ በወረቀት ላይ የሚያስፈራ ነበር፤ ቃሉን አፍርሶ አንዱን አባል የወጋ አገር ሁሉንም እንደወጋ ይቆጠራል ይላል። ጣልያን በጥቅምት 3 ቀን 1935 ድንበር ስትሻገር ማኅበሩ ዝም አላለም። በቀናት ውስጥ ወራሪነቷን አረጋገጠ፣ ሃምሳ ያህል አገሮችም ተስማሙ፤ ከኅዳር 18 ጀምሮ ማዕቀብ ተጣለ። ለጣልያን መሣሪያ መሸጥ፣ ገንዘብ ማበደርና የጣልያንን ዕቃ መግዛት ተከለከለ። ከዝርዝሩ ውስጥ ግን ነዳጅ አልነበረም፤ የድንጋይ ከሰልና አረብ ብረትም አልነበሩም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የጣልያን መርከቦች ቀረጣቸውን እየከፈሉ ወታደርና ጥይት አሳለፉ።

ማዕቀብ የሚሠራው የተመታው አገር በፍጥነት ሊተካው የማይችለውን ነገር ሲነካ ነው። ያ ነገር ነዳጅ እንደሆነ ጄኔቫ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ያውቁ ነበር። ያስቀሩት ባለማወቅ አይደለም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን በሂትለር ላይ አጋር አድርገው ለማቆየት ይፈልጉ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ በጣልያኗ ከተማ ስትሬሳ ላይ የተስማሙትም ይህንኑ ነው። አሜሪካ ደግሞ የማኅበሩ አባል ስላልነበረች «እኛ ብንከለክል ከዚያ ይገዛል» የሚል ማመካኛ ተገኘ። የጣልያኑ አዛዥ የስታራቼ ጦር ሚያዝያ 1 ቀን 1936 ጎንደር ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው የተናገሩት ሰኔ 30 ነው፤ በቀጣዩ ወር ማዕቀቡ ተነሣ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ጎንደር ነጻ የወጣችው የቁልቋል በር ምሽግ ከወደቀ በኋላ፣ ኅዳር 27 ቀን 1941 የጣልያኑ ጄኔራል ናሲ ለእንግሊዝ ጦርና ለአርበኞች እጁን ሲሰጥ ነው። በውሳኔ ሳይሆን በጦር ማለት ነው።

ተመድ ሲቋቋም መሥራቾቹ ከዚህ የተማሩት ብዙ ሰው የሚጠብቀውን አይደለም። ኃያላንን አስገድዶ ማሰር እንደማይቻል ስላዩ፣ ጥለው እንዳይወጡ ለአምስቱ የጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ አባላት ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህም ሰላም አስከባሪ የሚቆመው ባለአገሩ ሲፈቅድ ነው። በ2000 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል እንዲሰፍር የተወሰነውን፣ እስከ 4,200 ወታደር የተፈቀደለትን ተልዕኮ ያሽመደመደው ጦርነት አልነበረም። ኤርትራ መጀመሪያ የሄሊኮፕተር በረራ፣ ቀጥሎም ነዳጅ ስትከለክለው መንቀሳቀስ አቃተው፤ በሐምሌ 2008 ተዘጋ። በሌላው ወገን ባድመን ለኤርትራ የሰጠው የ2002ቱ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔ «የመጨረሻና አስገዳጅ» ተብሎ ሳለ ኢትዮጵያ ሳትፈጽመው ዓመታት ነጎዱ። ሪያሊስቱ እዚህ ሁለት ነጥብ ያስቆጥራል።

ግን አንድ ነገር ያመልጠዋል። ማኅበሩ ባዶ ወሬ ከነበረ፣ ጣልያን በመስከረም 1935፣ ጦሯ ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ስለ ባርነት የሚያወራ ወፍራም የክስ ሰነድ ለጄኔቫ ለምን አቀረበች? ዓላማው ኢትዮጵያ አባል ለመሆን የማትበቃ አገር ናት ለማሰኘት ነበር። ታንክና የመርዝ ጋዝ ያለው ኃይል በቃላት ላይ ይህን ያህል የሚደክመው ቃላቱ ዋጋ ስላላቸው ነው። ወረራውን ሕጋዊ አድርገው ሳይቀበሉ የቀሩ እንደ አሜሪካ፣ ሶቭየት ኅብረትና ሜክሲኮ ያሉ አገሮች መኖራቸውም የኢትዮጵያን ስም በሕይወት አቆይቷል። ወደዚህ እንመለሳለን።

ዕቁቡና ኮሌጁ

ሊበራል ተቋማዊነት የሚባለውን አስተሳሰብ በዕቁብ ማስረዳት ይቀላል። አሥር ሰው በየሳምንቱ አንድ ሺህ ብር ይጥላል እንበል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው አሥር ሺውን ይዞ ቢጠፋ ዘጠኝ ሺህ ያተርፋል። የማይጠፋው ደግ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ዋስ ጠርቷል፣ ጸሐፊው መዝግቦታል፣ መቀጮ አለበት፣ በሚቀጥለው ዙርም መግባት ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ገበያው ያውቀዋል። ዳኛው መሣሪያ አልታጠቀም። ዕቁቡ ሰውን ቅን አያደርግም፤ መካድን ውድ ያደርጋል። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ሮበርት ኬኦሄንና ተከታዮቹ ስለ ድርጅቶች የሚሉት በመሠረቱ ይህንኑ ነው፦ መረጃ ይሰበስባሉ፣ ማን ቃሉን እንደጠበቀ ያሳያሉ፣ በየጊዜው አዲስ ውል ከመዋዋል ያድናሉ።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ከጎንደር መውጣት አያስፈልግም። በ1953 ደንቢያ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት የጤና ኮሌጁና ማሠልጠኛው፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ ነበረው፣ ገንዘቡ ግን አነስተኛ ነበር። ዩኒሴፍ ቁሳቁስ የማቅረብ አቅም ነበረው። አሜሪካ በቴክኒክ ዕርዳታዋ በኩል ገንዘብና ሰው ነበራት። መንግሥት ቦታው፣ ሆስፒታሉና ተማሪው ነበሩት። የአንዱ ድርሻ ያለሌላው ጉልህ ጥቅም አልነበረውም፤ ለመተባበር ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለም። ሌላው የዘርፉ ምሁር ዴቪድ ሚትራኒ ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ አገሮች በሚጣሉበት በፖለቲካው ሳይሆን በማይጣሉበት በቴክኒኩ ይጀምሩ ያለውም እንዲህ ያለውን ነው።

የተሠራው ነገር ዝርዝርም ያስገርማል። ዶክተር እስኪገኝ አልተጠበቀም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ላይ ሠልጥነው፣ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በቡድን እንዲሠሩ ተደረገ። በቡድን እየወጡ መሠልጠኑ እስካሁን የጎንደር መለያ ነው። ሪያሊስቱ የአሜሪካ ገንዘብ የቀዝቃዛው ጦርነት ገንዘብ ነበር ይላል። እውነት ነው። የቀዝቃዛው ጦርነት ግን ሦስት ሙያተኛ በአንድ ጤና ጣቢያ ለምን እንደተመደበ አይነግረንም።

ይኸው የጤና ድርጅት ሲሳሳትም መታየት አለበት። በ1955 ወባን ከዓለም ለማጥፋት ወሰነ። ዘዴው ለሁሉም አገር አንድ ነበር፦ ዝግጅት፣ ቤት ለቤት ዲዲቲ መርጨት፣ የቀሩትን ሕሙማን ለይቶ ማከም፣ ከዚያ ጥበቃ። ኢትዮጵያም በ1959 ለዚሁ የሚሆን መሥሪያ ቤት አቋቋመች። ስሌቱ የሚሠራው ሰው በቤቱ የሚያድር ከሆነ ነው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ ቆላ ወርዶ ዳስ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ የሚያድር ሠራተኛ የሚረጭለት ግድግዳ የለውም። ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ በየቀበሌው ሕሙማንን የሚለይ ጤና ጣቢያ ይፈልጋል፤ ያ አልነበረም። ትንኟም መድኃኒቱን እየተላመደች ሄደች። በ1969 ድርጅቱ ማጥፋት የሚለውን ትቶ ወደ መቆጣጠር ተመለሰ። ምሁራኑ ማይክል ባርኔትና ማርታ ፊነሞር እንዳሳዩት፣ ድርጅት እንደማንኛውም ቢሮ የራሱ ሕመም አለው፦ አንድ ቦታ የሠራ ቀመር የትም የሚሠራ ይመስለዋል፣ መልሶ ለማየትም ይዘገያል። ይህ የኃያላን ሴራ አይደለም፤ የቢሮ ጠባይ ነው።

የሊበራሉ ትንታኔ ሌላም ቀዳዳ አለበት። መተባበር የሚመጣው አቅም ያላቸው ሲፈልጉት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ገቢ አብዛኛው የአባላት መዋጮ ሳይሆን ለጋሹ ለዚህ በሽታ ይዋል ብሎ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ካላዛር፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው በሽታ፣ የመተማና የሑመራን የቀን ሠራተኛ ይገድላል፤ ሀብታም አገር ውስጥ ግን ገበያ የለውም። እንዲህ ያለ በሽታ በሰልፉ መጨረሻ ይቆማል።

ሰሜን ተራሮች፦ ስም ሲወጣ

አሁን ወደሚያስቸግረው ጉዳይ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978፣ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ነው። የፋሲል ግቢ በቀጣዩ ዓመት ገባ። ብዙ ሰው «ዩኔስኮ መዘገበልን» ይላል፤ አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። ቦታውን የሚያቀርበው ባለቤቱ አገር ብቻ ነው። መጀመሪያ በጊዜያዊ ዝርዝር ያስገባዋል፣ ከዚያ ሙሉውን ሰነድ እስከ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ያስረክባል። የተፈጥሮ ከሆነ አንድ፣ የባህል ከሆነ ሌላ የባለሙያዎች ማኅበር ይገመግመዋል፤ ከዓመት በላይ ይፈጃል። የሚወስነው በአባል አገሮች የሚመረጥ የ21 አገሮች ኮሚቴ ነው።

በ1996 ኮሚቴው ሰሜን ተራሮችን «በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ውስጥ ጨመረው። ዋልያ ቀንሷል፣ እርሻውና ግጦሹ ገፍቶ ገብቷል፣ መንገድ በፓርኩ መሐል ተቀዷል። ይህ መዝገብ ምን ቅጣት አለው? ምንም። ፍርድ ቤት የለውም፣ ገንዘብ አይቀጣም፣ ወታደር አይልክም። የቅርስ ፈንዱም ለዓለም ሁሉ የሚዳረስ ጥቂት ገንዘብ ነው። በሪያሊስቱ ስሌት ይህ ወረቀት መጣል ነበረበት።

አልተጣለም። መለኪያዎች ወጡ፦ ድንበሩ መንደሮችን አውጥቶ እንደገና ይሠመር፣ ፓርኩ ወደ መሳረሪያና ሊማሊሞ ይስፋ፣ በውስጡ ያለው የሰውና የከብት ጫና ይቀንስ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ይጠበቁ። አገሪቱ ሃያ አንድ ዓመት ሠራችበት። ፓርኩ ወደ 412 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሰፋ፣ አማራጭ መንገድ ተሠራ፣ ከሳንቃበር ባሻገር ባለው ሜዳ ላይ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ካሣ ተሰጥቷቸው ደባርቅ ዳር ሰፈሩ። በ2017 ቦታው ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ለምን ታዘዙ? ሊበራሉ ጥቅሙን ይቆጥራል፦ ቱሪስት፣ አስጎብኚ፣ ሎጅ፣ የኦስትሪያና የጀርመን የልማት ገንዘብ። ይህ ከፊሉን ያስረዳል። ስምና ሐሳብ ጥቅምን ራሱን ይቀርጻሉ ብሎ የሚያምነው ኮንስትራክቲቪስት ግን ጠለቅ ያለ ነገር ይላል። የጥቅሙ ዝርዝር ራሱ የተወለደው ከስሙ በኋላ ነው። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት። «የዓለም ቅርስ» የሚለው ቃል ከገባ በኋላ የቢሮ ዕቅድ በሱ ተጻፈ፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) በሱ ተቀጠረ፣ የደባርቅ ልጅ በሱ ቋንቋ ተምሮ አስጎብኚ ሆነ። ዋልያ ለአባቱ የተራራ ፍየል ነበር፤ ለልጁ የዓለም አደራ ነው። ከዚያ በኋላ «በአደጋ ላይ» የሚል ማኅተም ውርደት ይሆናል፤ ውርደት ደግሞ ያለ ወታደር ያስገድዳል።

ከድርጅቶች ጀርባ ማን ገዝቶ ማን እንደተጎዳ የሚመረምረው የሂሳዊው ወገን ጥያቄ እዚህ ይገባል፦ ስሙን ያወጣው ማን ነው፣ የከፈለውስ? ለግጭ ገበሬ ያ ሜዳ የገብስ ማሳና የበግ መስክ ነበር። በሰነዱ ላይ «ጫና» ሆኖ ተጻፈ። ካሣው ቤትና ገንዘብ ሰጥቶት ይሆናል፤ በሬና ማሳ ይዞ የኖረን ሰው ግን በአንድ ክረምት የከተማ ነዋሪ ያደርገዋል። የፓርኩ ሪፖርቶች ዋልያን ይቆጥራሉ፤ ግጭን የሚቆጥር መለኪያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህን የምንለው ፓርኩ መጠበቅ አልነበረበትም ለማለት አይደለም፤ ዋልያ ከዚህ በቀር አገር የለውም። ግን ኪሳራው በየትኛው ዓምድ እንደተጻፈ ሳይጠየቅ ስለ ስኬት ማውራት ግማሽ ሒሳብ ነው።

ወደ ድልድዩ ስንመለስ

የመተማው ሰልፍ አሁን ይገባናል። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድኑ ወይም በፖለቲካ አቋሙ መሳደድን የሚፈራን ሰው ነው። ከጦርነት የሸሸ ሁሉ በዚህ ትርጉም አይገባም። ሱዳናዊው በግሉ ማስረጃ ሳይጠየቅ እንደ ቡድን የሚታወቀው በ1969 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ባጸደቀው ስምምነት የተነሣ ነው። ያኛው የሕዝብን ጸጥታ በጽኑ ያወከ ሁኔታ ያፈናቀለውንም ይጨምራል። ቃል ሁሉ ከምዕራብ ይመጣል ለሚሉ ይህ መልስ ነው፤ ይህኛውን ቃል አፍሪካ ራሷ ጽፋዋለች። ሻይ ሻጯ ግን ወደ ዜግነቷ አገር ስለገባች በሁለቱም ትርጉም ስደተኛ አይደለችም። ድንበር ሳይሻገር በአገሩ ውስጥ የተፈናቀለውም እንዲሁ። ለሱ የ2009ኙ የካምፓላ ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያም በ2020 አጽድቃዋለች። እንደ ስደተኛው ግን አንድ ባለቤት የሆነ ድርጅት የለውም።

ስሙ ይህን ያህል ከሠራ የማይሠራውስ? በምዕራብ ጎንደር የኩመርና የአውላላ መጠለያዎች ተከፍተው ነበር። በግንቦት 2024 ከአውላላ ብዙ ስደተኞች ጸጥታ የለንም ብለው ወጥተው መንገድ ዳር ሰፈሩ። ብዙ ሰው የተመድን የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ወቀሰ። ኮሚሽኑ ድንኳን ሊተክል፣ ካርድ ሊሰጥ፣ ሊጮህ ይችላል፤ ጥበቃ ግን በሕግም በተግባርም የአስተናጋጁ መንግሥት ሥራ ነው፤ በክልሉ ደግሞ ግጭት ነበር። ገንዘቡም የራሱ አይደለም። ከተመድ መደበኛ በጀት የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ቀሪው በየዓመቱ የሚለመን ነው። ለጋሽ ሲያፈገፍግ መጠለያው ውስጥ የመጀመሪያው ምልክት የራሽን መቀነስ ነው። ስም የሰጠውን መብት ጉልበትና ገንዘብ የነፈጉት ቦታ ላይ ሪያሊስቱ ተመልሶ ይመጣል።

በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ላይ ብዙ አንቆይም፤ እዚያ ጉልበቱ በግልጽ ተጽፏል። ትልልቅ ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ይሻሉ፣ አሜሪካ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ አላት፤ የኢትዮጵያ ድርሻ አንድ በመቶ አይሞላም። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተለቀቀበትና የድርጅቱ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር የጸደቀበት ቀን አንድ ነው። ለሂሳዊው ወገን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። ቢሆንም ኢትዮጵያ የዕዳ ሽግሽግ የጠየቀችው በ2021 ነበር፤ ሦስት ዓመት ተጎትቷል። የታዘዘ ሁሉ በማግስቱ አይፈጽምም።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ቀን ተቆርጦለታል። አሜሪካ ከዓለም ጤና ድርጅት ለመውጣት በጥር 2025 ወስናለች፤ ከዩኔስኮ ደግሞ በታኅሣሥ 2026 እንደምትወጣ አስታውቃለች። ከዩኔስኮ ስትወጣ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ በ1984 ወጥታ በ2003 ተመልሳለች፣ በ2018 ማብቂያ ወጥታ በ2023 ተመልሳለች። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን ከዓለም ቅርስ ስምምነቱ አልወጣችም፤ ስምምነቱ ራሱን የቻለ ውል ነው። ሪያሊስቱ ባዶውን ወንበር ቻይና ትሞላዋለች ብሎ ይጠብቃል። ሊበራሉ መዋጮው ቢጎድልም መረጃውና ግምገማው ለቀሩት ስለሚጠቅም ይቀጥላል ይላል። ኮንስትራክቲቪስቱ ስለ ገንዘቡ አይጠይቅም። እሱ የሚቆጥረው በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2027 ስንት አገር «የኔንም ቦታ መዝግቡልኝ» ብሎ ሰነድ ይዞ በሩ ላይ እንደሚቆም ነው።